ጋሽ ጴጥሮስና የመነኮሳቱ ዜማ

የጋሽ ጴጥሮስ ይማምን ዕረፍት የሰማሁት ወልድያ፣ ቢሮዬ ተቀምጬ የተማሪዎች ፈተና ሳርም ነው። የደወሉልኝ የመርሳው ቄሳችን አባ ሳሙኤል ነበሩ።

«መምህር፣ ተቀምጠሃል?» አሉኝ።

በዚህ ጥያቄ የሚጀምር ስልክ በምን እንደሚያልቅ ይታወቃል።

«ጋሽ ጴጥሮስ ናቸው?»

«እሳቸው ናቸው። ቁርሳቸውን ቀማምሰው ‹እስቲ ትንሽ ጋደም ልበል› እንዳሉ ቀሩ። ቀብሩ ነገ ነው።»

ወረቀቶቹን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ወደ መናኸሪያ የወሰደኝ የባጃጅ ሹፌር ዞር ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ደህና ነህ? ለብቻህ ታንጎራጉራለህ እኮ» እስኪለኝ ድረስ እያዜምኩ መሆኔን አላወቅኩም ነበር። የማዜመው የእሳቸውን ዜማ ነው።

እኔ የሆሳዕና ከተማ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት በካቶሊክ ቤተሰብ ነው። የአፈር ሳይንስ ለማስተማር ወልድያ ስመደብ አገሩም ሰዉም አዲስ ሆነብኝና፣ እሁድ እሁድ የምሄድበት ቤተ ክርስቲያን ስፈልግ መርሳ ላይ አገኘሁ። ቆርቆሮ የለበሰች ጠባብ ጸሎት ቤት ናት። ምእመኖቿ ጥቂት ናቸው፤ ከየአገሩ ተመድበው የመጡ መምህራን፣ ነርሶች፣ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ከእነሱም ጋር ጥቂት የአገሬው ቤተሰቦች። የመጀመሪያውን እሁድ ኋላ ወንበር ላይ ዝም ብዬ ተቀምጬ አሳለፍኩ። ቅዳሴው ሲያልቅ አንድ ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ በሩ ላይ ጠበቁኝ።

«እንግዳ ነህ?»

«አዎ፣ ከወልድያ ነው የመጣሁት።»

«ለምን አልዘመርክም?»

«ዜማውን አላውቀውም።»

«ግድ የለም፣ የዛሬውን ምሬሃለሁ» አሉና እጄን ያዙኝ። «የሚመጣው እሁድ ግን አላውቀውም ብሎ ነገር የለም። ና፣ ምሳ እንብላ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ከእሳቸው ቤት ሳልበላ የተመለስኩበት እሁድ ጥቂት ነው።

ጋሽ ጴጥሮስ በመርሳ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ስማቸውን ሰምቶ የማይጠይቅ እንግዳ አልነበረም። «ጴጥሮስና ይማም የት ተገናኙ?» ይሏቸዋል። «ወሎ ላይ» ብለው ይመልሳሉ፤ ሌላ ማብራሪያ አይጨምሩም። የተወለዱት ግራና አካባቢ፣ ከሙስሊም ገበሬ ቤት ነው። ገና በልጅነታቸው አባታቸው ሲሞቱ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ወስዶ አሳደጋቸው፤ ከዚያም ካህናት የሚሠለጥኑበት ዘርዓ ክህነት ገቡ። እዚያ አንድ ሸምገል ያሉ የውጭ አገር አባት ላቲንና ግሪጎርያን የሚባለውን ዜማ አስተማሯቸው። የጥንት የአውሮፓ መነኮሳት ያለ ከበሮ፣ ያለ ክራር፣ በባዶ ጉሮሮ መዝሙረ ዳዊትን የሚያደርሱበት ዜማ ነው። እንደ ዘፈን ምት የለውም። እንደ ሰው አነጋገር ይነሳል፣ ይሄዳል፣ ያርፋል።

ጋሽ ጴጥሮስ ቅስና ሊቀበሉ ሲሉ ከዘርዓ ክህነቱ ወጡ።

«ለምን ወጡ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ዜማውን ወደድኩት፤ ቅስናውን ፈራሁት» አሉኝ። ስለዚያ ጉዳይ ከዚህ የበለጠ ሲናገሩ አልሰማሁም።

የሕይወት ዘመናቸው ሥራ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ያንን የመነኮሳት ዜማ ከላቲኑ አላቀው፣ የዳዊትን መዝሙሮች በአማርኛ አስገብተውበት፣ ተራው ምእመን እንዲያዜመው ማድረግ ፈለጉ። የፈለጉት ዜማው ከመዘምራን ቡድን አፍ ወጥቶ ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሰው እንዲገባ ነው። አባ ሳሙኤል አዲስ ተሹመው የመጡ ሰሞን በዚህ ጉዳይ ብዙ ተከራከሩ። አባ ወጣት ናቸው፤ ኦርጋንና ዩኒፎርም የለበሱ መዘምራን ፈለጉ።

«የአገራችን የግዕዝ ዜማ እያለ የፈረንጅ መነኮሳት ዜማ ምን ያደርግልናል ጋሽ ጴጥሮስ? ይሄን ካልፈለጉ ደግሞ ኦርጋን አለ» አሏቸው።

«የግዕዙ ዜማ ክቡር ነው አባ፤ ግን ዕድሜ ይጠይቃል። አንዲት ነርስ ተረኝነቷን ጨርሳ መጥታ አትማረውም። ኦርጋን ደግሞ መብራት ይፈልጋል። ይሄ የሚፈልገው ባዶ ጉሮሮ ብቻ ነው፤ እኛ ከባዶ ጉሮሮ በቀር ምን አለን?»

አባ ሳቁ። «ይሞክሩት እንግዲህ» አሉ። ኦርጋኑም ተገዝቶ መጣ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሄዱ።

ጋሽ ጴጥሮስ ሲያስተምሩ ወረቀት አይሰጡም ነበር። ከቅዳሴ በፊት ሰዉን ዛፍ ጥላ ሥር ሰብስበው፣ እጃቸውን አየር ላይ እያወጡና እያወረዱ ዜማውን እንደ መልክዓ ምድር ያሳዩናል። «ከሜዳው ተነሱ። ዳገቱን ቀስ ብላችሁ ውጡ። ቀስ! እዚያ አናቱ ላይ የሚጠብቃችሁ ሰው የለም፣ አትሩጡ። በሉ አሁን ወደ ወንዙ ውረዱ፤ ውኃ ጠጡና ዕረፉ።» የልብስ ሰፊው ሚስትም፣ የባንክ ሠራተኛውም፣ እኔም አብረን ወጥተን አብረን እንወርድ ነበር።

ግን ቀላል ሥራ አልነበረም። ላቲኑና አማርኛው አይገጥሙም። አማርኛ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ነው የሚናገረው፤ ዜማው ሊያርፍ ሲወርድ የእኛ ቃል ገና ሊነሳ ነው። ለአንዲት ሐረግ ወር ሙሉ የሚጨነቁበት ጊዜ ነበር። በገበያ መካከል ቆመው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ያየ የሽንኩርት ነጋዴ፣ «ጋሼ ዛሬም ይጸልያሉ» ይላል። አይጸልዩም፤ አንድ ግሥ የት እንደሚያሳርፉ ነው የሚያስቡት።

ከሠሯቸው ሁሉ አንዱን ልንገራችሁ። የዳዊት መከራ በየስንኙ ይዘረዘራል፤ በየመካከሉ ሕዝቡ የሚቀበለው አጭር አዝማች አለ፤ «እግዚአብሔር አለ»። ከአንድ የመነኮሳት ዜማ ወስደው ነው ያዘጋጁት። በዚያ ዜማ ላይ ድምፁ ረጅም መንገድ የሚጓዘው «አ» ላይ ነበር። እኛም «አ»ን እየጎተትን፣ እያሽከረከርን፣ «ለ»ን ደግሞ ላላ አድርገን እንጥላት ነበር። ለብዙ እሁድ እንዲህ ስንል ማንም ልብ አላለውም።

እትዬ ብርቄ ግን ልብ አሉት። እትዬ ብርቄ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ የመርሳን ሰው ሁሉ ክርክር በጆሯቸው ያሳለፉ፣ ነገር ሳይጠራ የማያልፉ ሴት ናቸው። ድምፃቸው ትልቅ ነበር፤ ኋላ ወንበር ተቀምጠው ፊት ያለውን ሰው ሁሉ ይመሩታል። አንድ እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ ነጠላቸውን እያጣፉ፣

«ጋሽ ጴጥሮስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አሉ።

«ይጠይቁኝ እትዬ ብርቄ።»

«‹እግዚአብሔር አለ፣ እግዚአብሔር አለ› ስንል ከረምን። ለመሆኑ ምን አለ?»

ጋሽ ጴጥሮስ መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ ለራሳቸው አንዴ አዜሙት፤ «አ»ን ጎትተው፣ «ለ»ን አላልተው። እውነትም! ‹እግዚአብሔር ይኖራል› ብለን የምናዜም መስሎን ‹እግዚአብሔር ተናገረ› ስንል ነው የከረምነው። «ለ» ካልጠበቀች ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ግድግዳ ተደግፈው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ምን አለ! ምን አለ!» እያሉ። እኛም አብረን ሳቅን። በሳምንቱ ረጅሙን ጉዞ ከ«አ» ነቅለው «ለ» ላይ ተክለው መጡ። አሁን ድምፁ «አ»ን አጭር አድርጎ፣ «ለ» ላይ ጥብቅ ብሎ ይቆምና ከዚያ ወዲያ ነው የሚሄደው። ያን ቀን ስናዜመው አንድ ነገር መሬት የረገጠ መሰለኝ።

እንዲህ የሚስቁት ሰው ግን ግትርም ነበሩ። በዚያው ዜማ ውስጥ አንድ ቀጭን ቦታ ነበር፤ የግማሽ ድምፅ ያህል ዝቅ የምትል። እትዬ ብርቄ እዚያ ሲደርሱ ወደለመዱት፣ ወደ አምባሰል ቅኝት ይንሸራተታሉ። ሰዉም እሳቸውን ተከትሎ ይንሸራተታል። ጋሽ ጴጥሮስ በዛፉ ጥላ ሥር ደጋግመው አረሙ፤ አልሆነም። አንድ እሁድ በቅዳሴው መካከል እጃቸውን አነሱና ዜማውን አስቆሙ። ዞረው፣

«እትዬ ብርቄ፣ እባክዎ፤ ያበላሹብናል። ዝም ብለው ያዳምጡ» አሉ።

እትዬ ብርቄ ቅዳሴው እስኪያልቅ አንገታቸውን ደፍተው ቆዩ። በሚቀጥለው እሁድ አልመጡም፤ ከዚያም በኋላ ያለው እሁድ እንዲሁ። ዜማው በትክክል ይዜም ነበር፤ ግን የሚያዜመው አራት አምስት ሰው ብቻ ሆነ። ጋሽ ጴጥሮስ ወደ ኋላ ወንበር ደጋግመው ሲመለከቱ አያለሁ።

በመጨረሻ ጎረቤታቸውን አቶ ሰይድን ይዘው ወደ እኔ መጡ። አቶ ሰይድ ባለወፍጮ ናቸው፤ ከልጅነት ጀምሮ የጋሽ ጴጥሮስ ጓደኛ።

«ለሽምግልና ልንሄድ ነው» አሉኝ ጋሽ ጴጥሮስ።

«እኔ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ምኑን አውቄ ነው የማስታርቀው? ኧረ ተወኝ ጴጥሮስ!» አሉ አቶ ሰይድ።

«ዜማውን አታውቅም፤ እርቅ ግን ታውቃለህ።»

እትዬ ብርቄ በር ላይ ቆመው ተቀበሉን፤ ግቡ አላሉንም። ጋሽ ጴጥሮስ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ።

«አጥፍቻለሁ እትዬ ብርቄ።»

«በሰው ፊት ነው ያዋረዱኝ።»

«በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ።»

«ይቅርታውስ ይሁን። ግን እውነቱን ልንገርዎት። እኔ የተወለድኩት አምባሰል ሥር ነው። ያቺ እርስዎ የሚሏት ድምፅ ጉሮሮዬ ውስጥ የለችም። ቤቴ ቁጭ ብዬ ፈልጌያት አጣኋት። ፈልጌያታለሁ እኮ!»

አቶ ሰይድ ወደ ጓደኛቸው ዞር አሉ። «የሌላትን ከየት ታምጣልህ ጴጥሮስ?»

«እስቲ እንዳለዎት ያዚሙልኝ» አሉ ጋሽ ጴጥሮስ። እትዬ ብርቄ እዚያው በራቸው ላይ ቆመው አዜሙ። ሲጨርሱ ጋሽ ጴጥሮስ ይድገሙልኝ አሉ፤ ደገሙ። ከዚያ በኋላ ነው ግቡ የተባልነው፤ ምሳም በላን፤ አቶ ሰይድም የእርቁን ዱዓ አደረጉ።

ስንመለስ ጋሽ ጴጥሮስ መንገድ ላይ ቆም ብለው፣ «ሰባት ድምፅ ይዤ መጣሁ፤ የአገሬው ቅኝት የተቀበለኝ አምስቱን ነው። ሁለቱን ለመነኮሳቱ እመልስላቸዋለሁ» አሉኝ። የተናገሩት በቀልድ ነው፤ ግን ሐዘንም ነበረበት። ከልጅነታቸው የወደዱትን ነገር ነበር የሚሸርፉት።

ሸረፉትም። መዝሙሮቹን ሁሉ አንድ በአንድ እንደገና ሠሯቸው። አወጣጡና አወራረዱ የመነኮሳቱ እንደሆነ ቀረ፤ ጣዕሙ ግን የዚህ አገር ሆነ። ትዝታ የሚቀርበውን በትዝታ፣ አምባሰል የሚቀርበውን በአምባሰል ቅኝት አደረጉት። በቃላቸው መሠረት በሰው ሁሉ ፊት እትዬ ብርቄን ይቅርታ ጠይቀው ያስጀመሩ ዕለት፣ ጸሎት ቤቷ ውስጥ አፉን የዘጋ ሰው አልነበረም። አባ ሳሙኤል ከመንበሩ ቀና ብለው አዩን።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

ወልድያ ስትናወጥ እኔ ከብዙ ሰው ጋር በእግሬ ወጣሁ። ወደ ደሴ ለማለፍ ነበር ሐሳቤ፤ መርሳ ላይ መንገዱ ተዘጋ። ጋሽ ጴጥሮስ ቤት ገባሁ። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ የለም። አባ ሳሙኤል ለጉዳይ ደሴ እንደሄዱ እዚያው ቀርተዋል። ኦርጋኑ ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። የቀረነው ምእመናን በየእሁዱ ተሰብስበን ሳንጮህ እናዜማለን።

እትዬ ብርቄ የስኳር በሽተኛ ነበሩ። ይወጉት የነበረው መድኃኒት አለቀ። አቶ ሰይድ ሊገኝ ይችላል የተባለበትን መንደር ሁሉ ልጆቻቸውን ልከው አስፈለጉ፤ አልተገኘም። ጋሽ ጴጥሮስ ጠዋት ጠዋት ይሄዱና አልጋቸው አጠገብ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን አብሬያቸው ነበርኩ። እትዬ ብርቄ ከስተው፣ ዓይናቸው ብቻ ቀርቶ ነበር።

«ጋሽ ጴጥሮስ፣ ሬሳዬን ዝም ብላችሁ እንዳትሸኙት።»

«ቄስ የለም እኮ እትዬ ብርቄ።»

«ቄስ ቢጠፋ አፍ ጠፋ?» አሉ።

በሳምንቱ ዐረፉ። መቃብሩን የቆፈሩት አቶ ሰይድና ልጆቻቸው ናቸው። መሰብሰብ ያስፈራ ነበር፤ ቢሆንም ከጠበቅነው በላይ ሰው መጣ። ጋሽ ጴጥሮስ መቃብሩ ራስጌ ቆመው የመከራውን መዝሙር ጀመሩ። የመጀመሪያውን ስንኝ እንኳ አልጨረሱትም፤ ድምፃቸው ተቋረጠ። እንደገና ሞከሩ። አልወጣም።

ከኋላ አንዲት ሴት አዝማቹን አነሳች። «እግዚአብሔር አለ።» ሌላዋ ተቀበለች፤ ከዚያ ሁላችንም። ማንም አልመራንም። ስንኙን የልብስ ሰፊው ሚስት ያዘችው፤ ስትደክም የባንክ ሠራተኛው ተቀበላት፤ አዝማቹ የሁሉም ሆነ። «ለ» ላይ ስንቆም ሁላችንም እኩል እንቆማለን። ጋሽ ጴጥሮስ አላዜሙም። አፋቸውን ከፍተው፣ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት እየተመለከቱ ብቻ ቆሙ።

አፈሩ ሲመለስ አቶ ሰይድ ትከሻቸውን ያዙ። «አላህ አለ ጴጥሮስ። አብሽር።»

ወደ ቤት ተመልሰን በራቸው ላይ ስንደርስ፣ «ዕድሜ ልኬን የፈለግሁት ይሄን ነበር» አሉኝ። «በዚህ ዋጋ ግን አልነበረም።» ቁልፉን ሰጡኝ፤ እኔ ከፈትኩላቸው።

ሰላም ከሆነ በኋላ አባ ሳሙኤል ተመለሱ። የሆነውን ሲሰሙ መዝሙሮቹን ራሳቸው ከሰዉ ጋር ቁጭ ብለው ተማሩ። የጋሽ ጴጥሮስ ጆሮ ግን መድከም ጀመረ። እየቆየ ጨርሶ ጠፋ። ማስተማሩን ተዉት፤ እሁድ እሁድ ይመጡና የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው መዳፋቸውን እንጨቱ ላይ ያደርጋሉ። ሰዉ ሲያዜም እንጨቱ ይንቀጠቀጣል። ቅዳሴ ሲያልቅ ደግፌ እንዳነሳቸው ክንዳቸውን ይሰጡኛል፤ «ዛሬ ደህና ነበራችሁ» ይሉኛል፤ ወይም ፊታቸውን ኮሶ አስመስለው፣ «ሮጣችሁ!»

ቀብራቸው ላይ የመርሳ ሰው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ወጣ። አባ ሳሙኤል ሥርዓቱን አደረሱ፤ እኛም አዜምን። ከቀብር ስንመለስ ድንኳኑ ውስጥ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት በእጃቸው ጠሩኝ። ከግራና የመጡት የጋሽ ጴጥሮስ ታላቅ እህት እማማ ዘሐራ ነበሩ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አንተ ነህ የወልድያው መምህር? ሲያነሳህ እሰማለሁ።»

«እኔ ነኝ እማማ። አላህ ያጽናዎት።»

«አሚን። እስቲ ልጠይቅህ የኔ ልጅ። እኔ እዚያ ቤት ገብቼ አላውቅም። ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ እዚያ ምን ነበር የሚሠራው? ቄስ አልሆነ።»

«ያስዘምሩ ነበር።»

«እሱ?» ከሐዘናቸው መካከል ፈገግ አሉ። «ይማም ቤት ድምፅ ያለው ሰው ተወልዶ አያውቅም። እሱ ደግሞ ከሁላችንም የባሰ ነበር።»

ልክ ናቸው፤ የጋሽ ጴጥሮስ ድምፅ ሻካራ ነበር። «ለራሳቸው አልነበረም እማማ። ሰው ሁሉ እንዲዘምረው ነበር የሚያዘጋጁት።»

የሙስባሓ መቁጠሪያቸውን በጣታቸው ገፋ ገፋ አደረጉ።

«ልጅም አልወለደ» አሉ። «እንግዲህ ሥራውም አብሮት ሄደ በለኛ።»

በድንኳኑ አፍ፣ ከሳፋው አጠገብ፣ ዘንድሮ መርሳ የተመደበች አንዲት ነርስ ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር ብርጭቆ ታጥባለች። ሥራቸውን ሳያቋርጡ ቀስ ብለው ያዜማሉ፤ አንዷ ታወጣለች፣ ሁለቱ ይቀበላሉ።

«እነዚያን ይሰሟቸዋል?» አልኳቸው።

እማማ ዘሐራ ሻሻቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አደረጉ።

«የሱ ነው?»

«የእሳቸው ነው።»

«ያቺን ልጅ እሱ ነው ያስተማራት?»

«አይደለም። እሷ ስትመጣ እሳቸው አቁመው ነበር። ከሰው ነው የለመደችው።»

አዝማቹ ተመልሶ እስኪመጣ አዳመጡ፤ ሌላም ዙር አዳመጡ። ከዚያ ሙስባሓቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «በል እኔን ተወኝ፤ ሂድ ተቀበላቸው።»

ተነሳሁ። ከሳፋው አጠገብ ሄጄ ጨርቅ ያዝኩና ብርጭቆ እያደረቅኩ ተቀበልኳቸው።